የባልዲ ሁለት ረሃብ

ቅጠል ለምን ቢጫ እንደሚሆን የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ ነው። አሁን ሰው ሳያያችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ዛሬ የማጫውታችሁ እኔ በጊዜ ያላወረድኩት እጅ ያመጣብኝን ጣጣ ነው።

የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ግቢ የጓሮ ክፍል ተከራይቼ ነው። ሥራዬ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማር ነው። ሌላው ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ ሥራውን እዚያው ትቶት ይመጣል፤ መምህር ግን ይዞት ይዞራል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "ዛሬ ሊዘንብ ነው መሰል" ካለኝ፣ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር ከትነት ጀምሬ ካላስረዳሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዳንዱ መውረጃው ሳይደርስ "አፍተር ሮቦት" ብሎ ያስቆማል፤ ሮቦት እዚህ የትራፊክ መብራት ነው። ሊዘንብ መሆኑን የነገረኝ እሱ ራሱ ሆኖ ዝናቡ ውስጥ ይወርዳል።

ግቢው የጎጎ ነው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ስለሚጠራቸው ሌላ ስማቸውን ማን እንደሚያውቅ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው ጣቶቻቸው ናቸው። ብርድ ሲገባ መገጣጠሚያዎቹ ያብጡና መርፌ መያዝ ያቅታቸዋል። መድኃኒታቸው ራሳቸው የሚያዘጋጁት ቅባት ነው፤ ቅባቱ የሚሠራው ደግሞ ከዳጋ ነው።

ዳጋ እዚህ አገር ካናቢስ የሚጠራበት ስም ነው። አዎ፣ እሱ ራሱ። ከጓሮው ግንብ ሥር በሦስት ባልዲ ተተክሎ መጀመሪያ ያየሁት ቀን መጋረጃዬን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ፖሊስ በሩን እስኪያንኳኳ ጠበቅኩ። ፖሊስ ሳይመጣ ሲቀር ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ። አዋቂ ሰው ከሰው ዓይን በራቀ የግል ቦታው፣ ለራሱ ብቻ ማብቀል ይችላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ መጋረጃውን ከፈትኩ። ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቅጠሉ ጣቶቹን የዘረጋ እጅ ይመስላል። ጠዋት ቀና ይላል፣ ማታ ዝቅ ይላል። እንደ ተማሪዎቼ ማለት ነው፤ እነሱ እንኳን ዝቅ የሚሉት ከምሳ በኋላ ነው።

የፊተኛውን ቤት ሁለት ክፍል የተከራዩት ጋሽ ደስታና የእህታቸው ልጅ ሰላም ናቸው። ጋሽ ደስታ የሆሳዕና ሰው ናቸው። አሌክሳንድራ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ጠዋት በታክሲ ሄደው ማታ በታክሲ ይመለሳሉ። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩትን ግን መልሶ ማስዋጥ አይቻልም። ሰላም እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን መሃል ላይ ሳይጠራ ይገባል። እራት የምንበላው ሦስታችን አብረን ነው።

እንግዲህ ቤተሰቡ ይኸው ነው። ወደ ነገሬ ልግባ።

"ቲሻ" አሉኝ ጎጎ አንድ ጠዋት። ቲሻ መምህር ማለት ነው። "ደርባን ያለችው ልጄ ወልዳለች። ብርዱ ሳይገባ እመለሳለሁ። ስለ ተክል ታውቃለህ?"

እጅ የሚወርደው እዚህ ላይ ነበር። በሕይወቴ ያበቀልኩት ነገር ቢኖር ጺሜ ነው፤ እሱም በአንዱ ጉንጬ በኩል እንቢ ብሏል። እኔ ግን "ተክል ማለት ጎጎ፣ ከብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ምግቡን ራሱ የሚያዘጋጅ..." ብዬ ጀመርኩ። ሻንጣቸውን እያዘጋጁ አዳመጡኝ። ስጨርስ ሻንጣው ተዘግቶ፣ የሚወስዳቸው መኪና በር ላይ ደርሶ ነበር።

"በጣም ጥሩ። አፈሩ ሲደርቅ ውሃ ስጣቸው። የቀረውን አንተ ታውቃለህ" አሉ። ከዚያ ያበጡ ጣቶቻቸውን እጄ ላይ አሳረፉና "እነዚያ ባልዲዎች የክረምት እጆቼ ናቸው" ብለውኝ ሄዱ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ማታ እራት ላይ "ጎጎ ተክሎቻቸውን አደራ ሰጡኝ" ብዬ ለጋሽ ደስታና ለሰላም ነገርኳቸው። ይህን መናገር አልነበረብኝም። እኛ ዘንድ ለአንድ ሰው የተሰጠ አደራ ሰምቶ ዝም የሚል የለም፤ የቤቱ ሁሉ አደራ ይሆናል። ጋሽ ደስታ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡና "ቤት ጥግ ያለ ተክል እንግዳ አይደለም" አሉ። ጥሩ ንግግር መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ዕቅድ መሆኑን አላወቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ቃል እገባለሁ፣ አጭር ነው። ተክል ሲርበው ረሃቡን የሚያሳየው በደረጃ ነው። ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ ተንቀሳቃሽ ነው። ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች ላይ አንስቶ ከላይ ለሚወጡት ለጋዎች ይልካል። አሮጌዎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀሩና ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ይህን ያነበብኩ ማታ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮቱ ባልዲዎቹን አየሁ። ከጎኔ ካለ ባልዲ ውስጥ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲካሄድ ውሎ ያድራል። ብረት ግን አይንቀሳቀስም፤ የሰፈረበትን ቅጠል አይለቅም። ስለዚህ ብረት ሲያጥር ቢጫ የሚሆኑት ከላይ ያሉት ለጋዎቹ ናቸው፣ ያውም ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ። ታች ቢጫ ከሆነ አንድ ነገር፣ ላይ ቢጫ ከሆነ ሌላ ነገር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ችግር እወዳለሁ።

ታች ቢጫ ስለሆነ ናይትሮጅን ነው አልኩና ከዓሣ የተሠራ ፈሳሽ ማዳበሪያ ገዛሁ። በውሃ በጥብጬ ለሦስቱም አጠጣሁ።

ማታ ሰላም ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። "ቲቸር፣ ሲሪየስሊ፣ ጓሮው ለምንድነው ደርባን ወደብ ደርባን ወደብ የሚለው?"

"ናይትሮጅን ነው።"

"ናይትሮጅን አየር ውስጥ ሞልቶ የለ? ክላስ ውስጥ ያስተማሩን እሱ አይሸትም።"

መልስ ነበረኝ፤ ግን የሜይፌር ድመት በሙሉ ግንቡ ላይ ተሰልፎ እያየኝ ስለነበር ማስረዳት አልቻልኩም።

የታችኞቹ ቅጠሎች መለስ አሉ። ደስ ብሎኝ ለተማሪዎቼ ስለ ናይትሮጅን ዑደት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። በዚያው ሳምንት የላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ጅማታቸው አረንጓዴ።

እንግዲህ ብረት ነው ማለት ነው። ወይስ? ስልኬን ከፍቼ የታመሙ ቅጠሎችን ፎቶ ማነጻጸር ጀመርኩ። የብረት እጥረት፣ የማግኒዚየም እጥረት፣ የማንጋኒዝ እጥረት፣ የዚንክ እጥረት፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስላሉ። እያንዳንዱን ሳየው "አዎ፣ ይኼ ነው" እላለሁ፤ ቀጣዩን ሳየው "አይ፣ ይኼኛው ነው" እላለሁ። ስለ በሽታ አንብቦ ሁሉም ያለበት የሚመስለው ሰው አታውቁም? እኔ በሰው ተክል እንዲያ ሆንኩ።

ቅዳሜ አንድ ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ይዤ የአትክልት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጸጉሩን የጎነጎነ፣ እርጋታው የሚያስቀና ወጣት ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው።

"ምን አበላሃት?" አለኝ።

"ከዓሣ የተሠራ ማዳበሪያ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"መምህር ነኝ" አልኩት።

"ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚለውን ሰው ነርስ የምታይበትን ዓይን ታውቃላችሁ? በሱ ዓይን አየኝ። የማግኒዚየም ጨውና የብረት ዱቄት ሸጠልኝና፣ "ሁለቱንም አንድ ላይ አትስጣቸው። የትኛው እንደሠራ አታውቅም" አለኝ።

ይህን ለሳይንስ መምህር መንገር ለአጥቢያ ዳኛ ሕግ እንደመንገር ነው። በመንገድ ላይ ሙሉ ሙከራውን በጭንቅላቴ አዘጋጀሁ። ባልዲ አንድ ማግኒዚየም ታገኛለች። ባልዲ ሦስት ብረት ታገኛለች። መሃል ላይ ያለችው ባልዲ ሁለት ምንም አታገኝም፤ ውሃ ብቻ። እሷ ማነጻጸሪያ ናት። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ጨዋታ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምላቸው ይህንን ነው።

እራት ላይ ይህንኑ በሹካ፣ በማንኪያና በጨው ዕቃ አሳየሁ። ጋሽ ደስታ በጥሞና ተከታተሉኝ።

"ሁለቱ ይበላሉ" አሉ።

"አዎ።"

"መሃለኛዋ አትበላም።"

"ውሃ ታገኛለች ጋሼ። ልዩነቱን የምናየው በሷ ነው።"

"ግራና ቀኟ ሲበሉ እሷ መሃል ላይ ሆና ታያለች።"

"አታይም እኮ ጋሼ። ዓይን የላትም።"

እጃቸውን ከትሪው አነሡ። "ምን አጥፍታ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ሰላም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ሙከራው እንዳይበላሽ በማለት ባልዲ ሁለት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጠፍኩ፦ "ውሃ ብቻ። ሌላ ምንም እንዳይሰጣት።" አሁን ሳስበው፣ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው እንዲራብ የሚያዝ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት የሆነውን ስነግራችሁ ታዘቡኝ። አንድና ሦስት ባሉበት ናቸው። ምንም ያልተሰጣት ባልዲ ሁለት ግን አንገቷን ቀና አደረገች። ቅጠሎቿ ጠቆር ብለው ያብለጨልጫሉ። በጠዋት በፒጃማ ቆሜ ቅጠሎቿን እቆጥር ነበር። ተክል ሲራብ ራሱን የሚያድንበት፣ ሰው ያልደረሰበት መንገድ ይኖር ይሆን? አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። የሒሳቡ መምህር ሻዩን ይዞ ወጣ። ከዚያ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ "አንዳንድ ጊዜ ተፈጥሮ የምታስተምረን መተው ነው" ብዬ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ልጆቹም ገልብጠውታል። እንዴት አድርጌ እንደማስመልሰው እስካሁን አላውቅም።

ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ባልዲ ሁለት ታመመች። የቅጠሎቿ ጫፍ ተቃጠለ። ጠርዛቸው እንደ ወረቀት ደርቆ ወደ ታች እንደ ጥፍር ታጠፈ። ለጋዎቹ ከቢጫም አልፈው ነጡ። ከዚያ ጉንዳን መጣ፤ በግንቡ ላይ ተሰልፎ፣ አንድንና ሦስትን አልፎ፣ በቀጥታ ወደ ሁለት። ለምን እሷን ብቻ? ተንበርክኬ አፈሯን አሸተትኩ።

ቅቤ ቅቤ ይላል።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ በዚህች ቅጽበት ነገሩ ይገባችሁ ነበር። እኔ ግን ክፍሌ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና፣ "ተክል አፈሩ የቅቤ ሽታ የሚያመጣው ምን ንጥረ ነገር ሲጎድለው ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ዓለም እስካሁን መልስ የለውም።

ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ አስፈቅጄ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት አመጣሁ። ወረቀቱ በእርጥበት ቀለሙን ይቀይራል፤ ወደ ቀይ ከሄደ አሲድ፣ ወደ ሰማያዊ ከሄደ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ከባልዲ ሁለት ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ነካሁበት። ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። በአንድና በሦስትም ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብረት ሞልቶ ቢተርፍ እንኳን ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ምግብ ቀርቦ አፍ እንደታሰረ ማለት ነው። እንግዲህ ተክሎቹ አላጡም፤ መብላት ነው ያቃታቸው። ግን አፈሩን ማን እንዲህ አደረገው?

ማንኪያ አምጥቼ የባልዲ ሁለትን አፈር ቆፈርኩ። የመሬት ቅርፊት እንደሚያጠና ሰው ንብርብሩን አየሁ። ከላይ የሙዝ ልጣጭ። ከሱ ሥር የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። ከዚያ ግራጫ አመድ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ። ከዚያ ነጭ፣ የሚያጣብቅ ነገር። ከዚያ እንደገና አመድ።

እራት ላይ ማንኪያውን ከነአፈሩ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። ሁለቱም አዩት። ማንም አልጎረሰም።

"ሙዙ የኔ ነው" አለች ሰላም ቀድማ። "ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው። ፖታሲየም አለው ይላሉ። የእንቁላሉም የኔ ነው።"

"ለሦስቱም ሰጠሻቸው?"

"ኖ፣ ለባልዲ ሁለት ብቻ። የሌሎቹን ኤክስፐሪመንት እንዳላበላሽብህ ብዬ።"

ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ቅንነት ብታዩ እናንተም አትቆጧትም ነበር። ወደ ጋሽ ደስታ ዞርኩ።

"አመዱ የኔ ነው" አሉ ሳይጠየቁ። "ሥጋ ከምጠብስበት ከሰል ነው። ንጹሕ አመድ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጎጎ ከሄዱ ጀምሮ። እናቴ እንሰቷን ያሳደገችው በአመድና በቤት ጥራጊ ነው። ቤት ጥግ ያለ ተክል ከቤቱ ጋር ይበላል። እንደ ዕቃ የሚቆጠር አይደለም፣ የቤተሰብ ነው።"

"ለሦስቱም?"

"መጀመሪያ ለሦስቱም። በኋላ ሁለቱን አንተ ያዝካቸው። እሷ ግን ሰው አልነበራትም።"

የጉንዳኑን ነገር ማንሣት ከበደኝ፤ ግን መምህር የጀመረውን ይጨርሳል። "ጋሼ፣ ነጩስ ነገር?"

ወደ መስኮቱ አዩ። "ታማ ነበራ" አሉ።

"ምንድነው?"

"አጥሚት ነው።"

ሰላም ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። "አጎቴ፣ ዳጋዋን አጥሚት አጠጣሃት?"

"ጠዋት ጠዋት፣ ለብ ብሎ። የታመመ ምን ይሰጠዋል ታዲያ?"

"ጨው ነበረው?" አልኩ።

"ያለ ጨውና ያለ ቅቤ አጥሚት አለ እንዴ?"

ጨው ለተክል ሥር ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሰላም አቋረጠችኝ። "ቆይ ቲቸር። የዓሣውን ጣሳ የምታለቀልቀው የት ነው?"

አሰብኩ። ጣሳው ውስጥ የሚቀረውን ዝቃጭ መድፋት ብክነት ስለሚመስለኝ በውሃ እያለቀለቅኩ በአቅራቢያው ወዳለችው ወደ መሃለኛዋ አፈሳለሁ። "ያ ውሃ ነው" አልኩ።

"ኦኬ" አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ልታሾፍብኝ የምትደግማት "ኦኬ" ይህች ናት።

እንግዲህ መድኃኒቱ ግልጽ ነበር። አፈሩን በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ምንም አለመስጠት። ስለ አሲድነት፣ ስለ ሥር፣ ስለ ጨው ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ጋሽ ደስታ ሲነቀንቁ ዓይናቸው ወደ አመዱ ጣሳ መሄዱን አየሁ። ማብራሪያ እንደማይገታቸው ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ማስረዳት ትቼ አጭር ነገር ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ጾም ላይ ናቸው" አልኩ።

ፊታቸው ተቀየረ። ጋሽ ደስታ በቤተ ክርስቲያናቸው ጾም ጸሎት የሚመሩ ሰው ናቸው። "ሦስቱም?" አሉ።

"ሦስቱም። ውሃ ብቻ።"

"እስከ መቼ?"

"ጎጎ እስኪመጡ።"

"እንዲያ በለኛ ከመጀመሪያው" አሉ ቅር ብሏቸው። "የተራበና የጾመ አንድ ነው እንዴ?" ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ጓሮው አመድ ይዞ የመጣ የለም። እንዲያውም ጋሽ ደስታ ሻይ በዳቦ ሲጠጡ የጓሮውን መጋረጃ ይዘጉ ጀመር፤ በጾመኛ ፊት መብላት ነውር ነው ብለው።

አንድና ሦስት ጾሙን ተቀበሉት። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ይህን ስጠብቅ ብዙ ጠዋት ከስሬያለሁ። ማየት ያለባችሁ አዲስ የሚወጣውን ነው። አንድ ጠዋት ባልዲ አንድ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች። ትምህርት ቤት እስክደርስ ፈገግ እንዳልኩ ነበር። ባልዲ ሁለት ግን አልቻለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ተጎንብሳ አገኘኋት። ሥሯን ሳወጣው ቡናማ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚሸት ነበር።

ያኔ ነው የጎጎ ጣቶች ትዝ ያሉኝ። ከክረምት እጃቸው ሲሶው ሄደ።

ጎጎ በቪዲዮ ደወሉ፤ የልጅ ልጃቸውን አሳዩን። "የኔዎቹስ እንዴት ናቸው?" አሉ። እኔ "ጎጎ፣ ሁለቱ ደኅና..." ስል ጋሽ ደስታ ከጎኔ ሆነው ስልኩን ወሰዱት። "ሁሉም ሰላም ነው። እርስዎ ብቻ በሰላም ይምጡ" ብለው ዘጉት።

"ሰው እንዴት በስልክ ይረዳል?" ብለው ተቆጡኝ። "ያውም መንገድ የሚወጣን ሰው። መርዶ ወግ አለው። ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ያርፋሉ። ጠዋት ሰው ባለበት፣ ቁጭ አድርገን እንነግራቸዋለን።"

"ጋሼ፣ ተክል ናት እኮ።"

"አደራ ናት" አሉኝ።

ጎጎ በመጡበት ቀን ጋሽ ደስታ ሱቃቸውን ዘግተው ኮት ለብሰው ዋሉ። ሰላም ከክላስ ቀረች። እኔም ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ቀድሜ መጣሁ። ሦስታችንም በር ላይ ቆመን ሻንጣቸውን ተቀበልን። ጎጎ "ሀዉ፣ ምነው ሁላችሁም?" አሉ። እኛ ወደ መሬት አየን። ወደ ጓሮ ልሂድ ሲሉ ሰላም ክንዳቸውን ይዛ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠቻቸው። ዶሮ፣ ሩዝ፣ ሰላጣ ቀረበ። "ይብሉ ጎጎ" እንላለን። ይበላሉ። "ትንሽ ይጨምሩ" እንላለን። ይጨምራሉ። ጋሽ ደስታ እጃቸውን አጣምረው ወለሉን ያያሉ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፤ ብርጭቆው ሞልቶ እንኳን እቀዳለሁ።

ጎጎ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

እኔ ጋሽ ደስታን አየሁ። ወጉ ጠዋት ነው የሚለው።

"ወንድሜ ነው?" ድምፃቸው ወረደ። "ሶዌቶ ያለው? ከደርባን ስደውል አላነሣም። እሱ ነው?" ያበጠው እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

ስለ ማንኛውም ነገር ማብራሪያ የማያጣው እኔ ተጨማሪ ውሃ ቀዳሁ። ሰላም ናት ያወጣችው። "ጎጎ፣ ወንድምዎ ደኅና ነው። የሞተችው ባልዲ ሁለት ናት።"

"ማን ናት እሷ?"

ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ብቻ መሆኔ ያኔ ትዝ አለኝ። "የመሃለኛዋ ዳጋ ናት" አልኩ።

ጎጎ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ደስታ ተነሥተው ጀርባቸውን እያሻሹ በአማርኛ "አይዞዎት፣ ይቻላል" አሉ። ቀና ሲሉ ግን ዕንባቸው የሳቅ ነበር። ስልክ አውጥተው ወንድማቸው ጋ ደወሉ፤ አነሣ፤ በዙሉ ሰደቡትና ዘጉት። ከዚያ ሳቁን ትተው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከተልናቸው።

ሁለቱን አዩ፣ የተነቀለችውን አዩ። "በረሃብ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም ጎጎ" አልኩ። "በጥጋብ ነው።"

የበላችውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ሙዙን፣ እንቁላሉን፣ አመዱን፣ የዓሣ ጣሳውን። አጥሚት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ጎጎ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አጠፉ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ። "የሁለቱ ቅባት ክረምቱን ያጋምሰዋል" አሉ። "ከዚያ በኋላ መርፌ አልይዝም።" አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህም ሆነ። ብርዱ ሲጠና ቅባቱ አለቀ። ማታ ማታ ጎጎ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያሳዩናል፤ እኔ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባለሁ፣ ሰላም ጠርዝ ትጠልፋለች፣ ጋሽ ደስታ ቁልፍ ይተክላሉ። የዘንድሮ መዘምራን እጅጌ አንዱ ካንዱ ይረዝማል። ማንም ከመቀመጫው ሆኖ አያየውም ይላሉ ጎጎ፤ እኔ ግን ፊተኛው ረድፍ ስቀመጥ አያለሁ።

ብርዱ ሲሰበር ጎጎ ዘር አወጡ። በዚህ ጊዜ አራት ባልዲ አዘጋጁ። ሦስቱን ወደ ራሳቸው ጎን አድርገው አራተኛዋን ከግንቡ ፊት ለፊት፣ ከክፍሌ መስኮት ሥር አስቀመጧት።

"ይቺ ያንተ ናት ቲሻ" አሉኝ። "እንዴት እንደምትበላ በሷ ተማር። አንተ ብቻ። ሌላ ማንም እንዳይነካት።" ወደ ሰላምና ወደ ጋሽ ደስታ እያዩ ደገሙት። ሰላም እጇን ወደ ላይ አነሣች። ጋሽ ደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎጎ ከገቡ በኋላ ጋሽ ደስታ ባልዲዋ ጋ ትንሽ ቆሙ። ወደ ሦስቱ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ለብቻዋ ልታስቀምጣት ነው?" አሉኝ።